አክተሯ

«ሸራውን ከመኪናዋ ላይ አንሱት» አለ ለታ፣ ከዝናቡ ሸሽቶ ጋራዡ ውስጥ እየገባ። «ሰው ከሚበሰብስ እሷ ራቁቷን ብትቆም ይሻላል።»

እየሩ የንፍሮ ሳህን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ጠዋት ብራ ነበር። ታክሲ ነጂው ለታና ሌሎቹ ወንዶች ከኩሽናው በር እስከ ጋራዡ ላስቲክ ወጥረው፣ ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የመጡትን የፕላስቲክ ወንበሮች ደርድረው ለለቀስተኛው ቦታ አዘጋጅተው ነበር። ከሰዓት በኋላ የሜልቦርን አየር እንደ ልማዱ ጠባዩን ለወጠ። ንፋሱ ላስቲኩን መሃል ለመሃል ሰነጠቀው፤ ዝናቡም ወንበሮቹ ላይ ወረደ። በግቢው ውስጥ ከሟቹ አባቷ ከፋንታሁን ሸራ ሌላ ውሃ የማያስገባ ነገር አልነበረም።

«እየሩ፣ ይፈቀድልናል?» አላት ሱለይማን። ሱለይማን የአባቷ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ፉትስክሬይ ውስጥ ባለ አንድ የመኪና ቀለም ቤት አብረው ሲፍቁና ሲቀቡ ኖረዋል። እጁን የሸራው ጫፍ ላይ አሳርፏል እንጂ አልሳበውም።

እየሩ ራሷን ነቀነቀች። እምቢ የምትልበት ምክንያት ነበራት፤ ግን ለቅሶ ቤት ውስጥ አፍ አውጥተው የሚናገሩት ዓይነት አልነበረም።

ሸራው ተነሳ። መኪናዋ ወጣች።

ሮዝ ናት። እንደ ሕፃን ተረከዝ ያለ ሮዝ። አሮጌ ፎርድ ሆና ጣሪያዋ ተቆርጦ ዝቅ ብሏል፤ ኮፈኗ ወልቆ ሞተሯ ፊት ለፊት ይታያል፤ የኋላ ጎማዎቿ ከፊቶቹ ገዝፈው ልትዘል የተዘጋጀች ያስመስሏታል። እንዲህ ያለችውን የዚህ አገር ሰው ሆት ሮድ ይላታል። ወንዶቹ ሸራውን ግቢው ላይ ወጥረው ሲመለሱ ዝናቡ ስለባሰ፣ ወንበሮቻቸውን በዙሪያዋ አደረጉ። ጋራዡ ጠባብ ነውና የአንዳንዱ ጉልበት ጎማዋን ይነካል። ከውጭ ገብቶ «እግዜር ያጽናችሁ» የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እሷ ላይ ሆነ፤ ሐዘንተኛውን የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።

«ይህቺ ናት ያቺ የፊልሟ?» ብለው ጠየቁ ጋሼ አምደሚካኤል። ጡረታ ወጥተው ኖርዝ ሜልቦርን ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጆሯቸው ስለደከመ ሹክሹክታቸው ኩሽና ድረስ ይሰማል።

«እሷ አይደለችም ጋሼ» አለ ለታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷን ትመስላለች።»

«ፋንታሁን አክተሯ ናት ይል ነበር እኮ።»

«ይሉ ነበር። እኔም ሰምቻቸዋለሁ። ግን መሪዋን ይዩት፤ በቀኝ ነው። የፊልሟ በግራ ነው። አሜሪካ ውስጥ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ከየት ይመጣል?»

«ፊልሙን በመስታወት አይቶት ይሆናል» አለ ሱለይማን።

ሰዎቹ ሳቃቸውን በእጃቸው ያዙት። እየሩ አልሳቀችም። ሳህኑን አንዱ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ልትወጣ ብላ፣ ቀረች።

*

መኪናዋ የመጣችው በፈረንጆቹ ዘጠና ሁለት ነበር፤ እየሩ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች። አባቷ ባላራት አጠገብ ካለ የገበሬ መጋዘን አግኝቷት በጭነት መኪና አስጫናት። ውስጧ ዶሮ ይሰፍርባት ስለነበር መጀመሪያ የወጣው ላባ ነው። ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ጋራዥ ይገባል። ዝገቱን ፋቀ፤ ቆርቆሮውን ቀጥቅጦ አቃና፤ የቀረውን በስቱኮ ሞላ። ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ቋንቋውን በመጥፎ መሰርሰሪያና በጥሩ መሰርሰሪያ መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት ብቻ የሚያወጣው ይመስል ነበር።

ቀለሟ የደረቀ ዕለት እናትና ልጅን ጠራቸው።

«አክተሯ ናት» አለ።

በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ያደገ ሰው የፊልሙን ዋና ሰው አክተር ይለዋል። ሌሎቹ ሁሉ ሰዎች ናቸው፤ አክተሩ ግን አንድ ነው። አባቷ በወጣትነቱ ያየውን ፊልም ስም አያስታውስም። አንድ ልጅ አለ፣ መኪና አለች፣ የተሰበረ ድልድይ አለ፤ ያውቀው የነበረው ይህን ነው። የዚያ ፊልም አክተር ልጁ አልነበረም፤ መኪናዋ ነበረች።

እናቷ ዋጋዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ መኪናዋን አየቻት፤ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራረገች። እየሩ የቀለሙ ሽታ መስሏት ነበር።

በማግስቱ እየሩ ትምህርት ቤት ገብታ ነገሩን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። አክተሯ ናት ማለት ፊልም ላይ ሠርታለች ማለት ነው ብላ፣ «የአባቴ መኪና ፊልም የሠራች ናት» አለች። አባቷ በዚያችው መኪና ሊወስዳት በመጣ ጊዜ ልጆቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ጠበቁት። ያ ቀን ጥሩ ቀን ነበር። አባቷ በግራ በኩል ያለውን በር ከፈተላትና እንዴት እንደሚዘጋ አሳያት፤ ማጠፊያው ያረጀ ስለሆነ ዝም ብለው ቢገፉት ይመለሳል። «ከፍ፤ ከዚያ ገፋ» አላት። ከፍ አድርጋ ገፋችው። ጠቅ አለ።

ከዚያ አንዱ ልጅ መጽሔት ይዞ መጣ። አባቱ የሆት ሮድ ማኅበር አባል ነው። መጽሔቱ ላይ ድልድይ የምትዘለው የፊልሟ መኪና በሁለት ገጽ ተዘርግታለች፤ መሪዋ በግራ፣ ቀለሟ ሰማያዊ። ልጆቹ እየሩን ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ «ሆሊውድ» እያሉ ጠሯት።

ቤት ገብታ በእንግሊዝኛ ተናገረችው። ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል። «ሰማያዊ ናት» አለችው። «ሰው ሁሉ ያውቃል። የማታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

አባቷ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ቀለም ለረጅም ጊዜ አየ።

«እኔ ያየኋት እንዲህ ናት» አለ።

በሳምንቱ ሸራውን ገዛ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ የምትወጣው እሑድ እሑድ ነው፤ እናቷን ይዞ ወደ ዊልያምስታውን ባሕር ዳር ሲሄድ። እናቷ ንፋሱ እንዳያስቸግራት ነጠላዋን አገጯ ሥር ታስራለች። እየሩ አብራቸው አልሄደችም። ስለ ፊልሙም በቤቱ ውስጥ ማንም አላነሳም።

ባለፈው ሰኞ አባቷ ፉትስክሬይ ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባቡሩ መጥቶ ሄደ፤ እሱ አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ።

*

«ቀለሟስ?» ይላል ለታ ጋራዡ ውስጥ። «ቪዲዮው ቤቴ አለ፤ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ። ድልድዩን ስትዘል እሷና ሰማዩ አይለዩም። ሰማያዊ!»

«የፊልሟ የምትላት የትኛዋን ነው?» አለ ሱለይማን ረጋ ብሎ። «ፊልም ሠሪ በአንድ መኪና አይሠራም። ፊቷን ለማሳየት አንድ አለች፤ ለሩጫው ሌላ አለች፤ ድልድይ የምትዘለው ደግሞ ውስጧ ባዶ ቆርቆሮ ናት፤ ወድቃ ተሰባብራ ትጣላለች። ከሦስቱ አክተሯ የቷ ናት?»

ለታ አሰበ። ክርክር የሚወድ ሰው ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። «ፊቷ የሚታየው» አለ። «ልጁ በሸሚዙ እጅጌ የሚወለውላት።»

«እኔ የዘለለችው ናት ባይ ነኝ» አሉ ጋሼ አምደሚካኤል። «የሞተችው እሷ አይደለች? ሌላዋማ ቆማ ፎቶ ስትነሳ ነው የዋለችው።»

ሽማግሌው የተናገሩትን ቃል ዘግይተው ሰሙትና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ምኗ ነው ግን ሰውን እንዲህ የሚያሳብደው?» አሉ ነገሩን ለማለፍ። «እኔ እንጃ። ኮፈን የላትም። ሆዷን ከፍታ ነው የምትሄደው። የሚፈላውን፣ የሚነደውን ሁሉ ሰው ያየዋል። ፋንታሁን እንዲህ አልነበረም፤ እሱ ዝግ ነበር። ለዚህ ይሆናል የወደዳት።»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለ ለታ። «እኔ እኮ ጋሼ ፋንታሁንን ውሸታም አላልኩም። ተሳስተዋል ነው ያልኩት።»

«አልተሳሳተም» አለ ሱለይማን።

«ማስረጃህ?»

ሱለይማን ቀና ብሎ እየሩን አያት፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። «ማስረጃ የለኝም» አለ። «አልተሳሳተም ግን።»

እትዬ የምሥራች ትልቁን ፔርሙስ አቅፈው ገቡ። ሰው ሲሞት ኩሽናውን የሚረከቡ እሳቸው ናቸው፤ ማንም ሳይሾማቸው የተሾሙ ሴት። «ይሄ ለቅሶ ቤት ነው ወይስ ጋራዥ?» አሉ።

«ሁለቱንም ነው እትዬ» አለ ለታ።

«ዋጋዬ እህል አልቀመሰችም። ካንተ ጋር የሚሟገት አፍ እንኳ የላትም። እናንተ እዚህ በብረት ትጨቃጨቃላችሁ።»

«እያጫወትን ነው።»

«ማንን?»

ለታ ዙሪያውን አየ። መጀመሪያ መኪናዋን፣ ቀጥሎ እየሩን። «እየሩን» አለ።

ለእየሩ ግን ጨዋታ አልመሰላትም። የተሰማት አባቷ ከተቀበረ በኋላ እንኳ በትምህርት ቤቱ በር ላይ እንደቆመ፣ ሰውም እንደሚስቅበት ነው። ነገ ሣልስት ነው፤ ከኮሊንግዉድም ከሌላውም ሰፈር ሰው ይመጣል። ይዞት የሚሄደው ወሬ ምን ይሆናል? ፋንታሁን ደግ ሰው ነበር፣ ዝምተኛ ነበር፣ ስለ መኪናው ግን ያወራው ውሸት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እሷ ራሷ እውነቱን አለማወቋ ነበር። ዋሽቶ ነበር? ያ ዝምተኛ ሰው ካወጣቸው ጥቂት ቃሎች አንዱን ለውሸት አውሎት ነበር?

«ነገ ካሴቱን አመጣዋለሁ» አለ ለታ። «በዚያው ይለይልናል።»

«አያስፈልግም» አለች እየሩ።

«ኧረ ችግር የለውም። መንገዴ ነው።»

«አያስፈልግም፣ እውነቴን ነው።»

«አይ እየሩ! ምን ያስቸግረኛል? አመጣዋለሁ አልኩሽ።»

ይሉኝታ መስሎታል። ሦስተኛ ጊዜ ብትል ይባስ ብሎ ማጫወቻውንም ይዞ እንደሚመጣ ስለገባት ተወችው።

*

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ሞላ። እናቷ ሳሎኑ ጥግ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ። የሚመጣው ሰው ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ይነካል፤ እሷም ራሷን ታወዛውዛለች። ካልጠየቋት አትናገርም፤ ቢጠይቋትም «ደህና» ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ለሐዘኑ ሲባል ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሯል።

ለታ ካሴቱን ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ገባ። ለሱለይማን አሳየው። እየሩ አየችው።

«ማጫወቻው ተበላሽቷል» አለችው በሹክሹክታ።

«ምን ሆነ? ልየው እስቲ፤ ጭንቅላቱ ቆሽሾ ይሆናል።»

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ አምደሚካኤል። ሹክሹክታቸው ቤቱን ሞላው። «የመኪናዋ ፊልም ነው?»

ሰው ሁሉ ዞረ። እትዬ የምሥራች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ለታ! ሬሳው አፈር ሳይጠግብ ፊልም? በዚህ ቤት? ዘፈን ይከፈት በላ!»

ለታ ካሴቱን ወደ ጃኬቱ ሊመልሰው ሲል ከፍራሹ በኩል ድምፅ መጣ።

«ይከፈት» አለች ዋጋዬ።

ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ አደረገችው። «ትላንት በመስኮቱ ስሰማችሁ ነው የዋልኩት። ድምፁን አጥፉትና ይታይ። ድምፅ ከሌለው ምን አለው?»

እትዬ የምሥራች ለመከራከር አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ዋጋዬ ከሰኞ ወዲህ ይህን ያህል ስትናገር የመጀመሪያዋ መሆኑን አስተውለው አፋቸውን መልሰው ዘጉት። ቴሌቪዥኑን ያዞሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ማጫወቻው ምንም አልሆነም ነበር፤ ለታ ስለዚያ ምንም አላነሳም።

ፊልሙ ያለ ድምፅ ጀመረ። ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ለታ ወደ ፊት አሳለፈው። አንድ ልጅ ነዳጅ ማደያ ቆሟል፤ እጅጌውን እጁ ላይ ሳብ አድርጎ መኪና ይወለውላል።

ሰማያዊ። ጥርጥር የሌላት፣ የጠዋት ሰማይ የመሰለች ሰማያዊ።

ለታ «ይኸው» አላለም። ማለት ይችል ነበር፤ ግን በእየሩ በኩል ላለማየት ጫማውን ተመለከተ። ሱለይማን ዓይኑን ጨፈነ። እየሩ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ለካ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሁለተኛ ጊዜ ሲያየውም ያመዋል።

«ሰማዩስ?» አለች ዋጋዬ።

«ምን አልሽ እማዬ?»

«ሰማዩ። እሱም ሰማያዊ ነው እንዴ?» ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ ዓይኗን አጠበበች። «ሣሩም አረንጓዴ ነው። ኧረ ጉድ! የልጁ ሸሚዝ ነጭ ኖሯል!»

«ምን ሊሆን ኖሯል እትዬ ዋጋዬ?» አለ ለታ።

«ሮዝ ነዋ።» ዞር ብላ ሁሉንም አየቻቸው። ዓይኗ ውስጥ እየሩ ካየችው የሰነበተ ነገር ነበር። «እኛ ያየነው ሁሉ ነገሩ ሮዝ ነበር። በአብዮቱ መጀመሪያ አዲስ ፊልም የት ይገባል? የቆየውን ነው መላልሰው የሚያሳዩን። ያ ፊልም ጅማ ሄዶ፣ ደሴ ሄዶ፣ ድሬዳዋ ሄዶ ነው የተመለሰው፤ ቀለሙ ለቆ ቀልቶ ነበር። ሰዉ ቀይ ነው። ጥርሳቸው እንኳ ሮዝ ነው። ሰማዩም ሮዝ ነበር። መኪናዋም እንደሱ፤ ልክ እንደዚያች» አለችና በአገጯ ወደ ጋራዡ አመለከተች።

ጋሼ አምደሚካኤል ጭናቸውን መቱ። «እውነት ነው! የቀላ ፊልም! እኔም አይቻለሁ፤ ረስቼው! ባሕሩ ወይን ጠጅ ይመስል ነበር!»

«ከማን ጋር ነው ያየሽው?» አሉ እትዬ የምሥራች። መልሱን እያወቁ ነበር የጠየቁት።

ዋጋዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ከሱ ጋር ነዋ፤ ቤት ‹ለሰንበት ትምህርት› ብዬ ወጥቼ።»

«ዋጋዬ!»

«ምን ላድርግ? መቀመጫው ከፊት ነበር፤ ርካሹ። አንገታችን እስኪያመን ቀና ብለን ነው ያየነው። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ታውቁት የለ። እኔ ጨንቆኝ፣ የምለው ሳጣ፣ ‹እዚያ አገር ሰማዩ እንዲህ ነው?› አልኩት። እንደሚያውቅ ሰው ኮራ ብሎ ‹አዎ› አለኝ። ያገባሁት አምኜው ነው። ሜልቦርን የገባን ቀን ከአውሮፕላን ስንወርድ ቀና ብዬ አየሁ፤ ሰማዩ እንደማንኛውም ሰማይ ነው። ‹ዋሽተኸኛል› አልኩት። ‹ቆይ ብቻ› አለኝ። ስንት ዓመት ቆይቶ ያችን ሠራ።»

ሳሎኑ ሙሉ ሳቀ። ከልብ የተሳቀ ሳቅ ነበር፤ እትዬ የምሥራች ሳይቀሩ ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰማያዊዋ መኪና ድልድዩን ዘለለች፤ ማንም አላያትም።

«ተሸነፍኩ» አለ ለታ። «የእኔዋ የአሜሪካኖቹ አክተር ናት። የጋሼ ፋንታሁን ደግሞ የእኛዋ። መሪዋ ግን በቀኝ ነው።»

«እሱን ለዚህ አገር መንግሥት ንገር» አለ ሱለይማን።

እየሩ «አክተሯ ናት» የሚለውን ቃል በልቧ መልሳ ሰማችው። ፊልም ላይ ሠርታለች አላለም ነበር። ሕፃን ሥዕል ሥሎ «ይሄ አባዬ ነው» እንደሚለው ነው ያለው። ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው እሷ ናት።

*

«ልያት» አለች ዋጋዬ።

ከፍራሹ ስትነሳ እየሩ ክንዷን ያዘች። ዝናቡ አባርቶ፣ ግቢው ውስጥ ከተወጠረው ሸራ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። እትዬ የምሥራች ንፍሮና ሻይ ይዘው ተከተሉ፤ ሐዘንተኛ ከቤት ስትወጣ ባዶ ሆዷን መውጣት የለባትም ብለው። ዋጋዬ ቆማ አንድ ጭብጥ ንፍሮ ቃመች።

ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ወንበሮቻቸውን ሰበሰቡላት። ከለታ ጋር ተከትሏት የመጣው ሱለይማን በግራ በኩል ያለውን በር ከፈተ። ዋጋዬ ጎንበስ ብላ ገባች፤ ነጠላዋን እንደ እሑዱ አገጯ ሥር አሰረችው፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ማየት ጀመረች። ፊት ለፊቷ ያለው የጋራዡ ግድግዳ ነው።

እየሩ በሩን ልትዘጋ ስትይዘው አየችው። የበሩ ውስጠኛ ጠርዝ፣ ሲዘጋ የማይታየው፣ ስፋቱ መዳፍ የሚያክል፣ ሰማያዊ ነበር። የጠዋት ሰማይ ሰማያዊ። በጥንቃቄ የተቀባ፣ ጫፉ በወረቀት ተከልሎ ቀጥ ብሎ የቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

ሱለይማን ወደ እሷ ጠጋ አለ። ድምፁ እሷ ብቻ የምትሰማው ነበር። «አንድ ሰሞን ቀለም ቀላቅልልኝ አለኝ። ‹ልጄ ሰማያዊ ናት ብላለች፤ እሷ የተማረች ናት፤ እቀይራታለሁ› አለ። ቀላቀልኩለት። ከዚህ ጠርዝ ጀመረ። ይህችን ያህል ቀብቶ ቆመ። ምነው ስለው የቀለም መርጫውን ለረጅም ጊዜ ይዞ ቆየና...» ሱለይማን በጣቱ ጫፍ ሰማያዊውን ነካ። «‹ዋጋዬ አታውቃትም› አለኝ። ‹ሰማያዊ ካደረግኳት ዋጋዬ አታውቃትም።›»

«ለምን አላጠፋውም ታዲያ?»

«እኔም ይህንኑ ብዬው ነበር። ‹ተወው፤ አንድ ቀን ልጄ በሩን ስትከፍት ታየዋለች› አለ።»

እየሩ ቀለሙን አየች። አንድ ጠብታ እንኳ አልፈሰሰበትም። ስንት እሑድ ይህ በር ያለ እሷ ተከፍቶ ተዘጋ? የገረማት አለማልቀሷ ነው፤ ደረቷ ውስጥ ለዓመታት ተጨብጦ የነበረ ነገር ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲፈታ ተሰማት።

«ልጄ» አለች እናቷ ከውስጥ፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳታነሳ። «ንፋስ ገባ። ዝጊው።»

ለታ ሊያግዛት ቀረበና በሩን ገፋ አደረገው። በሩ ተመለሰ። ደግሞ ገፋው፤ ደግሞ ተመለሰ። «ይሄ ነገር ተበላሽቷል እንዴ?» አለ።

«ቆይ፣ እኔ» አለች እየሩ።

በሩን ከእጁ ተቀበለችው። ከታች ያዘችው፣ ከፍ አደረገችው፣ ከዚያ ገፋችው። ሰማያዊው ወደ ውስጥ ገባ።

ጠቅ አለ።